የአጫራቹ መንጋጋ

ዶብራ ክሪክ፣ ሳስካችዋን
ኖቬምበር 9

ለእህቴ ለሌስያ፤

ደብዳቤሽ ማክሰኞ ደረሰኝ። ቁጣሽም አብሮት ደርሷል፤ ተቀብያለሁ። ስልክ የማላነሳው ጠልቼሽ አይደለም። ማውራት እያመመኝ ነው። በሳምንት ያለችኝን አፍ ለረቡዕ ጨረታ አስቀምጣታለሁ፤ ረቡዕ ኮርማና ጊደር አጫርቼ ስወጣ ለእህት የሚተርፍ አፍ የለኝም። ስለዚህ በደብዳቤ ታገሺኝ። ዶሪን እስክሪብቶ ይዤ ስታየኝ «ምነው ሰውዬ፣ ኑዛዜ ነው?» አለችኝ። በትዳራችን ዘመን ሁሉ ከቼክ ሌላ ነገር ስጽፍ አይታኝ አታውቅም።

ምን ሆንክ ላልሽው፣ ቀኝ መንጋጋዬ ጠዋት ጠዋት እንደ ዛገ ማጠፊያ አልከፈት ይላል። የከተማችን የጥርስ ሐኪም አፌን አየና «ዕድሜ ልክህን አፍህን እንደ መትረየስ ስታስጮኸው ኖረህ፣ ዛሬ ለምን ተወጠረ ትላለህ?» ብሎ ሳቀብኝ። ሌሊት ጥርሴን አፋጫለሁ አሉ። ጡንቻው ተቋጥሮ አልፈታ ብሏል፤ ነገሩ ይኸው ነው።

አሁን የማትወጂውን ልንገርሽ። ሐኪሙ ግድግዳ ላይ አንቺ የምትሠሪበትን ጥናት ማስታወቂያ አየሁ፤ መንጋጋቸው ለተወጠረ ሰዎች፣ መርፌም ቢላም የሌለበት፣ ጉንጭ ላይ ብቻ የሚደረግ መሣሪያ። ሳስካቱን ሄጄ ተመዘገብኩ። «በጥናቱ ውስጥ የሚሠራ ዘመድ አለዎት?» ብለው ጠየቁኝ። የለም አልኩ። አንቺ እንደሆንሽ በባልሽ ስም ነው የምትጠሪው፤ ማን ያውቃል? አትቆጪ።

የእማዬን ነገር ደግሞ ዛሬም ጠየቅሽኝ። አልጽፈውም። የመጨረሻ ቃሏ ተራ ነገር ነው፤ ወረቀት ላይ ቢሰፍር «ይኼ ነው?» ትያለሽ። ነገሩ ድምፁ ነው። ልጅ ሆነን በእሷ ድምፅ ስጠራሽ ስንት ጊዜ ከጎረቤት ሮጠሽ መጥተሽ፣ እኔን አግኝተሽ በጫማ አሳደሽኛል! ካሴት የላት፣ ቪዲዮ የላት። ያለችው እኔ ጉሮሮ ውስጥ ነው። በቀብሯ ቀን ልልልሽ አስቤ ከአፌ አልወጣ አለኝ፤ አንቺም በማግስቱ በረርሽ። ነይና ውሰጂ። በማርች ትልቁ የኮርማ ጨረታ አለ፤ አንድም ቀን ሳጫርት አይተሽኝ አታውቂም።

ወንድምሽ ኦረስት


ቶሮንቶ
ኖቬምበር 21

ወንድምዬ፤

ጤንነትህን እንዳልጠይቅህ ራስህ አፌን ዘጋኸው፤ እንዴት ያለህ ሰው ነህ! ሦስት ጊዜ ጽፌ ቀደድኩ። አሁን ግን ተረጋግቻለሁ፤ ስለዚህ ስማኝ።

እነዚህ መሣሪያዎች በቴሌቪዥን እየተሸጡ ነው። አንዱ ቀስ ያለ ኤሌክትሪክ ጡንቻው ውስጥ ይልካል፤ ሌላው በቀይ ብርሃን ያሞቀዋል። ሕመምተኛ ደግሞ ያለውን ሸጦም ቢሆን ይገዛል። ሥራዬ የትኛው በእርግጥ እንደሚረዳ፣ የትኛው ማታለያ እንደሆነ መለየት ነው፤ መንግሥት በእኛ ቃል ነው የሚከፍለው ወይም የሚከለክለው። ለዚህ ነው ለማነጻጸሪያ ከመካከላቸው ምንም የማይሠራ ባዶ መሣሪያ የተጨመረው። ሣጥኑ አንድ ነው፣ መብራቱ አንድ ነው። ያንተ የትኛው እንደሆነ አንተም አታውቅም፤ እኔም እንዳላውቅ ተከልክያለሁ።

ዘመዴ መሆንህን ለአለቃዬ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። ብናገር ያስወጡሃል፤ እዚያ አገር ደግሞ ሌላ የመንጋጋ ሐኪም ለማግኘት ዓመት ትጠብቃለህ። ዝም ብያለሁና አንተም እርዳኝ፦ ስለ መንጋጋህ ለእኔ አንድ ቃል እንዳትጽፍልኝ። እኔም አልጠይቅህም። ዓርብ ዓርብ ለምትደውልልህ ልጅ ግን እውነቱን ንገራት። ዜሮ ማለት ሕመም የለም፣ አሥር ማለት ከዚያ የባሰ የለም። ቁጥር ብቻ ነው የምንፈልገው።

በማርች ለመምጣት እሞክራለሁ። እማዬን ጠብቅልኝ።

ሌስያ


ዶብራ ክሪክ
ጃንዩወሪ 9

ሌስያ፤

እንኳን ለገና አደረሰሽ፤ ለእኛኛው ገና ማለቴ ነው፤ የናንተ የከተሞቹ ድሮ አለፈ። ለበዓሉ አልመጣም ብለሽ ስለላክሽው ደብዳቤ ይቅርታ አያስፈልግም። በረዶው እስከ መስኮት ደርሶ ነበር፤ ብትመጪም ከጣቢያው አናወጣሽም። ዶሪን እንደ ልማዳችን ለሙታን የሚቀመጠውን ሳህን በጠረጴዛው ላይ ለእማዬ አስቀመጠች፤ ለአንቺም ሌላ ሳህን ስትጨምር «ሌስያ አልሞተችም እኮ» ብላት «መምጣቷንማ ማን አየ?» አለችኝ። ይህን ሳልነግርሽ ባልፍ ጥሩ ነበር።

አይ፣ በድንች የተሞላውን ፒሮሂ አልበላሁም። ሾርባውን ጠጣሁ። ክብደት ስለመቀነሴ ዶሪን ከጻፈችልሽ፣ ለሽማግሌ ጥሩ ነው በያት። ቀበቶዬን በምስማር አዲስ ቀዳዳ በስቼለት እንደ ጎረምሳ ሆኛለሁ።

ስለዚያኛው ነገር አትጻፍ ስላልሽኝ አልጽፍም። ስለ ልጅቷ ግን መጻፍ አልከለከልሽኝም። ኒሻ ትባላለች፤ ጨዋ ልጅ ናት። ባለፈው ዓርብ እንዲህ ተባባልን፦

«አቶ ኦረስት፣ ዛሬ ሕመምዎ ከዜሮ እስከ አሥር ስንት ነው?»

«አንቺስ እንዴት ነሽ? ሳስካቱን በረደ?»

«አይጣል ነው። ቁጥሩን ብቻ ይንገሩኝ።»

«አንቺ ምን ይመስልሻል?»

«እኔ መገመት አልችልም እኮ!»

«እሺ፣ ሦስት በይው።»

«ባለፈውም ሦስት ነበር።»

«እንግዲያው ሁለት ተኩል።»

«ተኩል የለንም፣ አቶ ኦረስት።»

«ሁለት ይሁንልሽ፤ አንቺ ነሽ ያሸነፍሽው!»

ስትስቅ ደስ ትላለች። በዚህ ወር ሳስካቱን ሄጄ መለካት ነበረብኝ፤ መንገዱ ስለተዘጋ በስልክ ለካችኝ። «ሦስት ጣትዎን ደርድረው በጥርሶችዎ መካከል ያስገቡ፤ ይገባሉ?» አለችኝ። ይገባሉ አልኳት። ዶሪን ከምድጃው ዞራ አየችኝና ወደ ድስቷ ተመለሰች።

እማዬ ደህና ናት። ትናንት ከበረቱ በር ላይ ቆሜ በድምፅዋ ውሻውን ጠራሁት፤ ጅሉ ውሻ ጭራውን እየቆላ ወደ ቤት ሮጠ።

ኦረስት


ቶሮንቶ
ፌብሩወሪ 2

ወንድምዬ፤

የጠየቅኸኝን ልመልስ፤ አዎ፣ በሥራዬ ደስ እያለኝ ነው፤ ይህን ለመጻፍ እንኳ እፈራለሁ። ቁጥሮቹ መግባት ጀምረዋል። ስም የለባቸውም፤ ከተማ ብቻ ነው ያላቸው። የሳስካቱኖቹ በጣም ጥሩ ናቸው። ሕመማቸው መጀመሪያም ቀላል ነበር፤ አሁንም እየቀነሰ ነው። ከእነዚህ መካከል አንዱ አንተ እንደሆንህ እያሰብኩ፣ ብቻዬን ቢሮ ውስጥ እንደ ሞኝ ፈገግ አልኩ። ይህን አልጻፍኩልህም፤ አላነበብከውም።

በማርች ግን አልመጣም፤ ይቅርታህን። ከመንግሥት የመጡ ሰዎች የመጀመሪያውን ጽሑፍ በዚያው ሳምንት ይፈልጉታል። «ሁልጊዜ ሥራ» እንደምትለኝ አውቃለሁ፤ ልክ ነህ። ጽሑፉ እንዳለቀ፣ በኤፕሪል መጨረሻ፣ አንድ ሳምንት ሙሉ እመጣለሁ። ጨረታውን ባላይም አንተን አያለሁ። እማዬንም እሰማለሁ።

በጥሞና የማነበው ደብዳቤ ያንተ ብቻ ነው። ለምን አጫጭር ሆኑ?

ሌስያ


ዶብራ ክሪክ
ማርች 13

ሌስያ፤

የኮርማው ጨረታ አለፈ። እንዴት ነበር ብለሽ ትጠይቂኛለሽና ሳትጠይቂኝ ልንገርሽ፦ ኮርማዎቹ ጥሩ ዋጋ አወጡ። ግማሹን እኔ አጫረትኩ፤ ግማሹን የኮዋልቹክ ልጅ ጨረሰልኝ። ጎበዝ ነው፣ ትንሽ ይፈጥናል እንጂ። ሰው ሁሉ ወደ በረንዳው እየመጣ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ብርዱ ነው አልኳቸው።

ዶሪን የምትነግርሽን ሁሉ አትመኚ፤ ታጋንናለች።

ኦረስት


ቶሮንቶ
ማርች 19

ኦረስት፤

ሰላምታ የለኝም። ዶሪን ደወለችልኝ። ማጋነኗ ከሆነ፣ በደንብ አጋንናልኛለች።

በጨረታው መካከል ምን ሆነህ ነው ማይክሮፎኑን የሰጠኸው? ከመቼ ወዲህ ነው በማንኪያ እንኳ አልገባ ብሎህ ሾርባ በገለባ የምትጠጣው? ጆሮህን ያምህ የጀመረው መቼ ነው? አንገትህ ላይ ያለውን እብጠት ዶሪን በሸሚዝህ ኮሌታ ስታየው፣ አንተ «ጢሜን ስለላጨሁ ነው» አልካት? ስንት ጣት ይገባል? እውነተኛውን ንገረኝ፤ ስንት ጣት?

አልጠይቅህም ያልኩት እኔ ነኝ። ያንን ደንብ ዛሬ ጣልኩት። ይህ በደረሰህ ማግስት ሳስካቱን ሆስፒታል ሂድ፤ ይጠብቁሃል፤ ደውዬ ነግሬያቸዋለሁ፤ ዶሪን ትነዳለች። መሣሪያውን አጥፋው። የተወጠረ ጡንቻ እንዲህ አያደርግም፤ ይህን እኔ ማወቅ ነበረብኝ።

እንደተመለስክ ጻፍልኝ። ለምን ለልጅቷ ሦስት እንዳልካትም ጻፍልኝ፤ እሱ አልገባኝም፤ አንጀቴን አቃጠለው።

ሌስያ


ዶብራ ክሪክ
ኤፕሪል 2

እህቴ ሌስያ፤

ሁሉንም መርምረው ጨረሱ። ጡንቻው አልነበረም። ከምላሴ ሥር፣ ከጉሮሮዬ ጎን ካንሰር አለ፤ እሱ ነው መንጋጋዬን ከውስጥ የያዘው። ሐኪሟ በወረቀት ላይ ስዕል ሠርታ አሳየችኝ። ኤፕሪል 16 ምላሴን ከሥሩ፣ ከመንጋጋዬም የቀኙን ክፍል ያወጣሉ። በሕይወት ከወጣሁ በአንገቴ በሚበሱት ቀዳዳ እተነፍሳለሁ። ማውራት የሚባል ነገር ግን አበቃ። ስንመለስ ነዳጅ ማደያ ቆመን ዶሪን ወረደች፣ ከመኪናው ኋላ ሄዳ አለቀሰች፣ ተመልሳ ገባች።

ስንት ጣት ላልሽው፣ አንድ፤ እሱም በግድ።

ለምን ዋሸህ ላልሽው፣ የዋሸሁ አልመሰለኝም ነበር። ሌስያ፣ አጫራች በእውነተኛው ዋጋ ጀምሮ አያውቅም። ስምንት ሺህ የሚያወጣ ኮርማ ሲገባ፣ ሦስት ሺህ ብለሽ ትጠሪና የሰውን ዓይን እያየሽ ትወጫለሽ። በስምንት ብጀምር ወዴት ልሄድ ነው? ሲብስብኝ የምሄድበት ቦታ ላስቀር ብዬ ነው። ኒሻ ደግሞ አንድም ቀን «ከዚያ በላይ ነው እንዴ?» አላለችኝም። ማንም ካልጨመረ ዋጋው እዚያው ይቀራል። ደግሞስ እኛ ዘንድ ስምንት የሚል ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? አባባ እህል መሳቢያው ማሽን ክንዱን ሲበላው «ትንሽ ነካ አደረገኝ» ነው ያለው። ሌላም አለ፤ ያንቺ መሣሪያ እንዲያሸንፍ ፈልጌ ነበር። ይኼኛው ነው የሚያሳፍረኝ።

እማዬን በተመለከተ፣ ዶሪን ቴፕ መቅጃ ገዝታ አመጣች። ሞከርኩ፤ ብዙ ጊዜ ሞከርኩ። የተቀዳው ጥርሱን ነክሶ የሚያጉረመርም ሽማግሌ እንጂ እሷ አይደለችም። ግን አንቺን ፊት ለፊት ባይሽ የምትወጣ ይመስለኛል። ሁልጊዜም የምትወጣው አንቺ ስትኖሪ ነበር። ከ16 በፊት ነይ።

ሁለት ነገር ልጠይቅሽ። የትኛውን መሣሪያ ነበር የሰጡኝ? ደግሞ በኖቬምበር እውነቱን ተናግሬ ቢሆን ኖሮ ይለያይ ነበር? እንደ እኔ ከታች እንዳትጀምሪ። ዋጋውን ንገሪኝ።

ኦረስት


ቶሮንቶ
ኤፕሪል 7

ወንድሜ፤

መጀመሪያ የጠየቅኸኝን ልመልስ፤ ካልመለስኩ ሌላውን መጻፍ አልችልም።

ባዶውን ነበር የሰጡህ። መዝገቡን ከፈትኩት። አረንጓዴ መብራት ብቻ ነበረው።

በኖቬምበር ቢሆን ከአሥር ሰው ስምንቱ ይድናል፤ ምላሱም ሳይነካ፣ በጨረር ብቻ። አሁን ከአሥር አራት ይላሉ። ዝቅ አላደረግኩትም፤ ከፍም አላደረግኩትም። ልዋሽህ ብፈልግ ኖሮ ዛሬ ነበር የምዋሽህ።

ጥፋቱን ግን ብቻህን አትሸከመው። የሳስካቱንን ቁጥሮች ዛሬ እንደገና አወጣኋቸው። ሁሉም ሦስት፣ ሁሉም ሁለት። የቶሮንቶ ሰው ሰባትና ስምንት እያለ ይጮኻል፤ የእናንተ ገበሬ ሦስት ይላል። እኔ ደግሞ በገዛ እጄ «የምዕራቡ ሕመምተኛ ሕመሙ ቀላል ነው» ብዬ ጽፌአለሁ። እኔ! አባባ ክንዱን በሸሚዝ ጠቅልሎ ራት ላይ ሲቀመጥ ጎኑ የነበርኩት እኔ! የቶሮንቶ ሰው ቢጽፈው ባልተናደድኩ። ለምናልባቱ እንኳ «እነዚህ ሰዎች ስለ ራሳቸው እንዲህ ነው የሚናገሩት» አላልኩም። የለካሁት ሕመማችሁን ሳይሆን ይሉኝታችሁን ነው።

ስለዚህ በ14ኛው ቀን ከመንግሥት ሰዎች ጋር ባለን ስብሰባ ላይ ቆሜ ጽሑፉን አንሱልኝ እላለሁ፤ ወንድሜ እንደነበርክበትም እናገራለሁ። ሳስካቱን ያሉት ሁሉ ተጠርተው አፋቸው በእጅ እንዲታይ፣ በማስመሪያ እንዲለካ እጠይቃለሁ። በስልክ ላደርገው ብዬ ነበር፤ እኔ ከሌለሁ ወረቀቱ ያልፋል፤ አውቃቸዋለሁ። በማግስቱ በ15 ጠዋት እበራለሁ። ቀትር ላይ ዶሪን ትቀበለኛለች፤ ከሰዓቱን ሙሉ አብረን ነን።

አፍህን አሳርፈው እስከዚያ። ከማንም ጋር እንዳታወራ፣ ከውሻውም ጋር ቢሆን። ለእኔ አስቀምጠው።

እወድሃለሁ። በደብዳቤ ብዬህ አላውቅም፤ በአፌም ብዬህ አላውቅም።

ሌስያ


ዊኒፔግ፣ አውሮፕላን ማረፊያ
ኤፕሪል 15፣ ምሽት

ኦረስት፤

ይህን በፋክስ ወደ ሆስፒታሉ እልካለሁ፤ ነርሷ እንድታነብልህ ለምኛታለሁ። አውሮፕላናችን ሳስካቱን መውረድ አቅቶት እዚህ አሳረፉን። የኤፕሪል በረዶ! መንገዱም ተዘግቷል፤ ሰው ሁሉ ወለል ላይ ተኝቷል። መኪና የሚያከራይ ለምኜ ነበር፤ «እመቤቴ፣ ፖሊስ ራሱ አልወጣም» አለኝ።

ሐኪሟን በስልክ አግኝቻት አንድ ቀን እንድታዘገየው ለመንኳት። እብጠቱ የመተንፈሻህን መንገድ እየዘጋ ስለሆነ አይሆንም አለችኝ። ልክ ናት። እኔም በእሷ ቦታ ብሆን እምቢ እላለሁ።

ትናንት ጽሑፉን አነሱት። ማሸነፌ ነው መሰለኝ። በ14 ከስብሰባው መቅረት፣ በ13 አንተ ጋ መሆን እችል ነበር፤ ይህን አሁን እዚህ ወለል ላይ ቁጭ ብዬ ነው የማስበው። ስብሰባውን መረጥኩ፤ መረጥኩት።

ነርሷ ስልኩን ጆሮህ ላይ ታደርግልህ እንደሆነ ጠየቅኳት፤ «ሞከረ፣ ቃል አልወጣውም፣ አለቀሰ» አለችኝ። አትሞክር። እመጣለሁ።

ሌስያ


ሳስካቱን፣ ሆስፒታል
ኤፕሪል 24

ሌስያ፤

ከአልጋዬ አጠገብ ተቀምጠሽ ለአንቺ ደብዳቤ መጻፍ የእብድ ሥራ ይመስላል፤ ግን ያለን ይኸው ነው። ሰሌዳው ላይ የምጽፈው ቶሎ ይጠፋል፤ ይህን በወረቀት ፈለግሁት። እባክሽ ጮክ ብለሽ አታውሪኝ፤ ጆሮዬ ደህና ነው፤ የወሰዱት ሌላ ነገር ነው። ይቅርታ መጠየቁንም ተይው። ዶሪንን ይቅርታ በጠየቅሻት ቁጥር ሳህን የምታጥብ እያስመሰለች ከክፍሉ ትወጣለች፤ እዚህ ደግሞ ሳህን የለም።

ኒሻ ትናንት መጥታ ነበር፤ አንቺ ተኝተሽ ነበር። ያመጣችውን አበባ አልጋዬ አጠገብ አስቀመጠች። ከጥናቱ ሰዎች አንዲት የሮዝታውን ከተማ ሴት አፏን ስትታይ እንደ እኔ ያለ ነገር ተገኝቶባታል፤ ትንሽ ነው፣ በጨረር ይወጣል አለችኝ። ደስ አለኝ። ትንሽ ደግሞ ቀናሁ። እውነቱን ንገረኝ ስላልሽኝ ነው የምጽፈው።

ሕመሙ ዛሬ ዘጠኝ ነው። ማታ አሥር ነበር። ለነርሷም እንዲሁ ነግሬያታለሁ።

አሁን የእማዬን። ከመጣሽ ወዲህ አልጠየቅሽኝም፤ አጠያየቅሽ ግን ዓይንሽ ላይ አለ። በሞተችበት ዕለት ከሰዓት በኋላ ብቻችንን ነበርን። ዓይኗን ሳትገልጥ፣ ከትምህርት ቤት የመጣሽ መስሏት፣ እንዲህ አለች፦ «ሌስያ፣ ግቢ እንጂ። በሩን ዝጊው፣ ብርድ አስገባሽብን።» ከዚያ ወዲህ አልተናገረችም።

ይኸው ነው። ዛሬ ጠዋት ከጻፍኩት በኋላ ደጋግሜ አነበብኩት። ከወረቀቱ ላይ እኔም ድምፅዋን አልሰማሁትም።

ኦረስት